የቤት ኪራይና የገንዘብ ኪራይ

ለሰው ልጅ ከሚያስፈልጉት መሠረታዊ ነገሮች መካከል መጠለያ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይገኛል፤ ወይ የራስ ይሆናል፣ ወይ የሰው። ለምረቃ የተቃረቡ ተማሪዎቻችን በቢሯችን በር ላይ ቆመው ከሚያነሡብን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የፊዚክስ አይደሉም። «ሥራ ስንይዝ ለቤት መሥሪያ እንሩጥ ወይስ ተከራይተን እንቆይ?» ይሉናል። ወላጆቻቸው መልሱን ቀድመው ነግረዋቸዋል፤ ኪራይ ውኃ የወሰደው ገንዘብ ነው ብለዋቸዋል። እኛም ስናድግ የሰማነው ይህንኑ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ትምህርታችንን በውጭ አገር ፈጽመን ወደ ጎንደር ስንመለስ ማራኪ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። ዓመት ሳይሞላን አከራያችን አንድ ማለዳ በራችንን አንኳኩተው፣ ኪራዩ በግማሽ መጨመሩንና ካልተስማማን በወር ውስጥ እንድንለቅ በትሕትና ነገሩን። በዚያው ሌሊት ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ከዚህ በታች የሚገኘው ስሌት የዚያ ሌሊት ልጅ ነው፤ ቁጥሮቹን ግን ለአንባቢ እንዲቀሉ ብለን የመረጥናቸው ናቸው።

ጥያቄው በከተማችን አዲስ አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል በቀድሞው ዘመን የሠራዊት ሰፈር ማለት ነበር። ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው በድንኳን ይዘዋወሩ ነበር፤ የአንዱ ስፍራ ማገዶና ስንቅ ሲመናመን ድንኳን ነቅሎ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላልና። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው አድርገው በድንጋይና በኖራ ሲገነቡ፣ ቋሚነትን አገኙ፤ መንቀሳቀስን ግን ተዉ። ማገዶው ቢርቅ ግንቡ ተነቅሎ አይከተልም። ዛሬ አዲስ ምሩቅ የሆነ ወጣትም የመጀመሪያ ሥራው የት እንደሚያደርሰው ሳያውቅ ቤት ሲሠራ ይህንኑ ልውውጥ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ንጉሥ አለመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ዋጋው 3 ሚሊዮን ብር የሆነ ቤት በወር 10,000 ብር ይከራያል እንበል። የዓመቱ ኪራይ 120,000 ብር፣ ማለትም የዋጋው 4 በመቶ ነው። ይህን ቤት በብድር ለመግዛት የተነሣ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይከራያል፤ የሚከራየው ገንዘብ ነው። ወለድ የገንዘብ ኪራይ ነውና። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 20 ዓመት የሆነ የ1 ሚሊዮን ብር ብድር እንውሰድ። በየወሩ እኩል የሚከፈለው 13,168 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 12,500 ብሩ ወለድ ነው፤ ዕዳውን የሚቀንሰው፣ ማለትም ወደ ቤቱ የሚገባው፣ 668 ብር ብቻ ነው። በ20 ዓመት የሚከፈለው ድምር 3 ሚሊዮን 160 ሺህ ብር ይደርሳል። «ኪራይ አልከፍልም» ብሎ የተነሣው ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ያው ኪራይ ነው፤ አከራዩ ብቻ ተለወጠ። በእጁ ባለው ገንዘብ የሚገዛም ቢሆን ያ ገንዘብ ሌላ ቦታ ሊያስገኝለት ይችል የነበረውን ጥቅም ትቷል።

እዚህ ላይ ብናቆም 4 ከ15 ስለሚያንስ ተከራዩ ይረታ ነበር፤ ወላጆቻችንም ተሳስተዋል እንል ነበር። ይሁንና ስሌቱ አንድ ያልተጻፈ ግምት ተሸክሟል፤ ብር እንደ ሜትር የጸና መለኪያ ነው የሚል ግምት። እንዲህ ያለ መለኪያ ቤተ ሙከራችን ውስጥ ቢገኝ ወዲያው እንጥለው ነበር።

ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምር የአንድ ብር የመግዛት ዐቅም እንደ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ይመነምናል፤ ግማሽ ዕድሜውም 3.8 ዓመት ነው። ይህ ቁጥር የተጋነነ እንዳይመስል፣ በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ እናስታውስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎ ነበር። በ7 በመቶ የተቀመጠ 100,000 ብር በ10 ዓመት 196,700 ብር ያህል ይሆናል። በ20 በመቶ ንረት ግን በዚያው ጊዜ ዋጋ ከስድስት እጥፍ በላይ ስለሚያድግ፣ ያ ገንዘብ የሚገዛው ዛሬ 31,800 ብር ገደማ የሚገዛውን ነው። በሌላ ወገን ተበዳሪው፣ ወለዱ እስካልተቀየረበት ድረስ፣ በአሥረኛው ዓመት መጨረሻ የሚከፍላት 13,168 ብር በዛሬ ገንዘብ ከ2,130 ብር አትበልጥም። ንረት ከቆጣቢው ኪስ አውጥቶ ለተበዳሪው ይሰጣል ማለት ነው። ወላጆቻችን ይህን ቀመር ባይጽፉትም ኖረውበታል፤ ውኃ የወሰደው ኪራዩን ሳይሆን በባንክ የተቀመጠውን ነበር። በእኛ አስተያየት ቤት በአገራችን እንዲህ የሚፈለገው ስለሚያተርፍ ብቻ ሳይሆን ሌላው ማስቀመጫ ስለሚያፈስስ ነው።

ችግሩ ብድሩን የሚያገኙት ጥቂቶች መሆናቸው ነው። አብዛኛው የጎንደር ነዋሪ በእቁብና በማኅበር ተደግፎ ቤቱን ደረጃ በደረጃ ያቆማል፤ ዘንድሮ መሠረት፣ ከርሞ ግድግዳ፣ ከዚያ ጣሪያ። እቁብም የራሱ ፊዚክስ አለው። 24 አባላት በወር 5,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 120,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል። መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበድሯል፤ በ20 በመቶ ንረት የሚቀበላት 120,000 ብር በመጀመሪያው ወር ዋጋ ስትመዘን 84,600 ብር ገደማ ናት። ዳኛውም ጸሐፊውም አልሰረቁትም። ቆርቆሮ ለመግዛት እቁብ የገባ ሰው ይህን ዐውቆ ቢገባ መልካም ነው።

እስካሁን ቤቱን የማያረጅ አድርገን ቆጠርነው። ቤት ግን ያረጃል። ከአዘዞ ወደ ደንቢያ ሜዳ በኩል ያለውን ጥቁር ዋልካ አፈር የሚያውቅ ይህን አይዘነጋም። የዋልካ ሸክላ ንጣፎች በክረምት በመካከላቸው ውኃ ያስገቡና ያብጣሉ፤ በበጋ ውኃውን አጥተው ይሰበሰባሉ፣ መሬቱም እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በላዩ የተቀመጠ ቤት በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ሁሉም ማዕዘን እኩል ስለማይንቀሳቀስ ግድግዳው ይተረተራል። ስንጥቁን መምረግ፣ የዛገ ቆርቆሮ መለወጥ፣ የበሰበሰ ቋሚ መተካት የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ተከራይ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። መሬቱስ የማን ነው የሚል ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ቤቱ የራስ፣ መሬቱ ረጅም ኪራይ መሆኑ ነው።

በቁጥር የማይገባው ነገር ደግሞ ስጋት ነው። ባጠናንበት አገር ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተከራይቶ ይኖራል፤ በስዊዘርላንድ ከግማሽ የሚበልጠው፣ በጀርመን ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ተከራይ ነው። በሩማንያ ግን ከአሥር ሰው ዘጠኙ በላይ በራሱ ቤት ይኖራል። ባለቤትነት የሀብት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ሩማንያ ስዊዘርላንድን በበለጠች ነበር። በእነዚያ አገሮች ተከራይ የሚተኛው ሕጉ ስለሚጠብቀው ነው።

በአገራችን ሁለት ሙከራ ተደርጓል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራያቸውን ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቀበሌዎች እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ተከራዩ ከመባረር ዳነ፤ ኪራዩ ግን የጥገናውን ወጪ መሸፈን ስላልቻለ ቤቶቹ ከሰዎቹ ቀድመው አረጁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ሌላ መንገድ ይዟል፤ ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ፣ የኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አከራያችን ያን ማለዳ በራችንን ሲያንኳኩ ይህ አዋጅ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ እንውጣ። በዙሪያው ባለው ገጠር ኪራይ የሚባል ነገር እምብዛም አይታወቅም፤ ገበሬው ከራሱ ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ጎረቤቱን ደቦ ጠርቶ ቤቱን ያቆማል። ልጁ ግን ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከተማ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ወጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ከእነዚህ ጽሑፎች አንባብያን ብዙዎቹ በዚህ አልፈዋል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ጣሪያ ሁሉ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል። የገጠሩ ሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለያዘ የቤቱን ሙቀት በቶሎ አያሳልፍም፤ ራቁቱን የተመታ ቆርቆሮ ግን ሌሊቱን ከደጁ አየር በላይ ይቀዘቅዛል፤ የተማሪዎቹ ትንፋሽ ጠዛ ሆኖ ከጣሪያው በደብተራቸው ላይ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኮርኒስ። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋውም ቢሆን ከቆርቆሮው በታች አየር አጥሮ ብርዱን ያረግበዋል። ታዲያ ማን ያሠራው? አከራዩ በክፍሉ ስለማያድር ብርዱ አይሰማውም። ተከራዩ ብርዱ ቢሰማውም ነገ ውጣ ቢባል ኮርኒሱን ነቅሎ አይሄድም።

ኮርኒሱ 2,400 ብር ይፈጃል እንበል። በሦስተኛው ወር ለሚባረር ተማሪ በወር 800 ብር ወጣበት ማለት ነው፤ ስለዚህ አያሠራውም፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያጠናል። የሁለት ዓመት ውል በእጁ ላለው ግን በወር 100 ብር ነው፤ ለሦስት ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 33 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርሳቸዋል።