«እንጀራ»ን በመረጃ ቋት ውስጥ ስለ መፈለግ

ሥነ ቃልንና ልቦለድን የሚያጠኑ ተማሪዎቻችን ስለ ምግብ ሲጽፉ «በዚህ ርእስ ላይ ከዚህ ቀደም የተሠራ ጥናት የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ያዘወትራሉ። በበኩሌ እንደማየው ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የጥናት አለመኖርን ሳይሆን የአፈላለግን ጠባብነት ነው። ነገሩን በእንጀራ ምሳሌነት ላስረዳ።

«እንጀራ» በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። አንዱ ጸሐፊ በአይ፣ ሌላው በኢ ይጀምረዋል፤ «ጀ» አንዳንዴ በጄ አንዳንዴ በጂ ይጻፋል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ በፊደሎቹ ላይ ልዩ ልዩ ምልክት ይጨምራሉ። «ጤፍ»ም አንድ ጊዜ በአንድ ኤፍ፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ያበቃል። የመረጃ ቋት የሚያውቀው የተሰጠውን ፊደል እንጂ የአጥኚውን ሐሳብ አይደለም። ስለሆነም አጻጻፎቹን «ኦር» በሚለው አያያዥ አገናኝቶ ባንድነት መጠየቅ ያስፈልጋል። ለጤፍ ሳይንሳዊ ስሙን «ኤራግሮስቲስ ጤፍ»ን፣ ለቆዩት ጽሑፎችም «ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ»ን ማከል ይጠቅማል።

ከአጻጻፉ ይልቅ የሚከብደው ግን ቃሉ ርእስ ላይ ጨርሶ የማይገኝበት ጊዜ ነው። ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 «አሜሪካን አንትሮፖሎጂስት» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት መጣጥፍ ርእሱ ምጣድን፣ ምድጃን፣ የግብርናን አመጣጥና በደጋማው ኢትዮጵያ የሚደረገውን ጋገራ ይጠቅሳል፤ እንጀራንም ጤፍንም በስም አያነሣም። በርእስ ብቻ የፈለገ ተማሪ ያልፈዋል። ለእኛ ግን የእህሉን ጠባይ ከመጋገሪያው ዕቃ ጋር የሚያያይዝ በመሆኑ፣ ምጣድ በቃል ግጥም ውስጥ ያለውን ቦታ ለሚመረምር ሰው ከብዙ የምግብ ኬሚስትሪ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል። እንግዲህ የምግቡን ስም ብቻ ሳይሆን ምጣዱን፣ እርሾውን፣ ሊጡን፣ ዐውድማውንም መጠየቅ ነው። ይህ ለሥነ ጽሑፍ ሰው የሚከብድ አይመስለኝም፤ የቃላትን ዝምድና መከተል ሙያው ነውና።

የሰው ስምም የራሱ ጣጣ አለው። አር. ቢ. ስቲዋርትና አስናቀ ጌታቸው ስለ እንጀራ ተፈጥሮ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1962 «ኢኮኖሚክ ቦታኒ» ላይ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የሚጠቅሱት የውጭ አጥኚዎች «ስቲዋርትና ጌታቸው» ይሉታል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። በእኛ ልማድ «አስናቀ» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ስለሚችል በሁለቱም ስም መሞከር ይበጃል።

በአማርኛ ሲፈለግ ደግሞ ሞክሼ ፊደላት ይመጣሉ። «ሥጋ»ና «ስጋ»፣ «ዐውድማ»ና «አውድማ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለብዙ ቋቶች የተለያዩ ቃላት ናቸው። «የለም» የሚል ተማሪ የትኛውን ቋት፣ በየትኞቹ አጻጻፎች፣ መቼ እንደ ጠየቀ በግርጌ ማስታወሻ እንዲያሰፍር የምጠይቀውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በጄስቶር ይገኛል። በወረቀት ብቻ ለቀሩት ጽሑፎች ግን ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መሄድ ግድ ነው። እዚያም ይሁን በቋቱ፣ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊመዘገብ ስለሚችል፣ በዓመት አጥሮ የሚፈልግ ሰው ከሁለቱም በኩል ሰባት ስምንት ዓመት ማስፋት አለበት።