የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ ለአያት መደወል



ባለፈው ዓመት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ቅጽ ስሞላ «በቤተሰብዎ የልብ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። «የለም» ላይ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ማታ አዲስ አበባ ለእናቴ ደውዬ ይህንኑ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ፣ «አባትህ ታዲያ በምን የሞተ መሰለህ?» አለችኝ። እኔ የማውቀው በድንገት መሞቱን ብቻ ነበር።

የብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ነው። መርዶ ስንሰማ ለቅሶው ይቀድማል፤ በምን እንደሞተ አንጠይቅም። ዘመድ ሲታመምም «ውጭ አገር ያለ ልጅ ለምን ይጨነቅ» ተብሎ ይደበቃል።

ሐኪሙ የሚጠይቀው ግን በምክንያት ነው። አባት ወይም ወንድም 55 ዓመት ሳይሞላቸው፣ እናት ወይም እህት 65 ሳይሞላቸው የልብ ደም ሥር ሕመም ከያዛቸው የእኛም አደጋ ከፍ ይላል። ለልጆቻችን ሲሆን አያት፣ አጎትና አክስትም ይቆጠራሉ። ማንኛውም ልጅ ከ9 እስከ 11 ዓመቱ ባለው ጊዜ አንዴ ኮሌስትሮል እንዲመረመር ይመከራል፤ በዘር ካለ ግን ምርመራው ከ2 ዓመቱ ጀምሮ ሊታዘዝለት ይችላል።

ዕድሜ ስታሰሉ በዘመን አቆጣጠሩ እንዳትሳሳቱ። አባቴ በ1940 ተወልዶ በ1993 አረፈ፤ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር ነው፤ 53 ዓመቱ ነበር። እኔ ግን ልደቱን በእኛ፣ ሞቱን በፈረንጆቹ 2001 ብዬ ስቀንስ 61 መጣልኝ። 61 ብዬ ብጽፍ ኖሮ ሐኪሙ ከ55 በላይ ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

«ልብ ሕመም» የሚለው ቃልም ያሳስታል። አገር ቤት ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው፣ በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣውና ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች የሚጎዳው ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል እንዲህ ዓይነት ሕሙማንን ያክማል። ይህ ከደም ሥር መዘጋት የተለየ ነው። ስለዚህ «ልቧን ያማት ነበር» ከተባላችሁ በዚያ አታቁሙ፦ ከስንት ዓመቷ ጀምሮ? ኦፕራሲዮን ተደርጋለች? ደም ብዛት ወይም ስኳር ነበረባት?

እንግዲህ የልጆቹ የቤት ሥራ ይኸው ነው። «ደም ብዛት አለብዎት?»፣ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» እያሉ በአንቱታ መጠየቅን ክፍል ውስጥ ተለማምደዋል። እናንተ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ አያት ከእኛ የደበቁትን ለልጅ ልጅ ይናገራሉ። ስለ ሞቱት ዘመዶች ግን ራሳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ለመነጋገር የታንክስጊቪንግ ማዕድም ጥሩ ጊዜ ነው፤ የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል ከ2004 ጀምሮ ያንን ቀን የቤተሰብ የጤና ታሪክ ቀን ብሎታል።

በዘር አለ ማለት ተፈርዶብናል ማለት አይደለም። ግፊትን መለካት፣ ሲጋራ መተው፣ እዚሁ ማውንተንስ ኤጅ ኤክስፕሎሬሽን ፒክን ከልጆች ጋር በእግር መውጣት በእጃችን ያለ ነገር ነው። እኔም መልሴን አስተካክዬ ተመረመርኩ፤ ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አሁን መድኃኒት ላይ ነኝ።

የሞላችሁትን ወረቀት ለእኛ አታምጡ፤ ለሐኪማችሁ ነው። ለእኛ ልጁ መደወሉን ብቻ ንገሩን።