ድሪፍት በቪዲዮ እና ድሪፍት በእኛ መንገድ

ክንዱ የተሰበረ የባጃጅ ሹፌር «ዶክተር፣ የድሪፍት ውድድር ቪዲዮ አይቼ ልሞክረው ብዬ ነው» አለኝ። እድለኛ ነው፤ ክንድ ይድናል።

ድሪፍት የኋላ ጎማን ሆን ብሎ እያንሸራተቱ መታጠፍ ነው። ከጃፓን የተራራ መንገዶች ተነስቶ ወደ ውድድር ሜዳ ገባ። እዚያ ሄልሜት፣ ጠንካራ ቀበቶና አምቡላንስ አለ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስትወርዱ ግን ኩርባው ላይ የምታገኙት አህያ የሚነዳ ገበሬና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ነው። ባጃጅማ ሦስት እግር ናት፤ በፍጥነት ስትታጠፍ ትገለበጣለች።

አደጋ ካያችሁ፦
✅ እሳት ከሌለ ተጎጂውን አትጎትቱ፤ አንገቱ አይንቀሳቀስ
✅ የሚደማውን በንጹህ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጫኑት
✅ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፦ 907
✅ ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው «ትንሽ ይረፍ» አይባልም፤ ቶሎ ሆስፒታል!

ለምታውቁት የባጃጅ ሹፌር ሼር አድርጉለት።