የአገው ፈረሰኞች በዓል

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬን አልፎ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ፣ ደጋውን ሲይዝ እንጅባራ ይደርሳል። በዚህች ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዓሉ ከምን እንደ ተነሣና በምን ላይ ቆሞ እንደሚኖር ባጭሩ ማስረዳት ነው።

አገሩ በጥንቱ አጠራር «ሰባት ቤት አገው» ይባላል፤ እነዚሁም ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረ፤ ዛሬ የሚበዛው ክፍል የአዊ ብሔረሰብ ዞን ነው። ደጋው ሣራም ስለ ሆነ ለፈረስ ይስማማል። ስለዚህ ፈረስ በዚያ አገር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እህል ወደ ገበያ ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ በአንዳንድ ስፍራም እንደ በሬ ያርሳል።

የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነበረ። መሥራቾቹ መታሰቢያ ያደረጉት በዐድዋ ዘመቻ ፈረስና ፈረሰኛ የዋሉትን ውለታ ነው። ቀኑም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በየወሩ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ሲሆን፣ እርሱም በሥዕል ሁሉ በፈረስ ተቀምጦ ይታያል። የዐድዋም ድል የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበረ።

በበዓሉ ዕለት ፈረሰኞቹ ከየወረዳው በሰልፍ ይመጣሉ። ፈረሱ በኮርቻና በግላስ ያጌጣል። በሜዳው ላይ ሶምሶማና ግልቢያ ይታያል፤ ጉግስም ይገጠማል፤ አንዱ ሲያባርር ሌላው እየሸሸ በጋሻው ይመክታል። ተመልካቹም በእልልታና በፉከራ ያጅባል።

ነገር ግን በዓሉ የአንድ ቀን ሲሆን፣ ማኅበሩ የዓመት ነው። አባል ሲሞት ፈረሰኞቹ ተሰብስበው ይቀብራሉ፤ የተቸገረውን ይረዳሉ፤ የተጣሉትን በሽማግሌ ያስታርቃሉ። ሜዳው ላይ የሚታየው ሰልፍ እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የቆየ መተሳሰብ ነው።

ዛሬ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ተክሎ ከሰል እያከሰለ ይሸጣል። ገበሬው በዚህ ስለ ተጠቀመ ሊወቀስ አይገባም፤ ልጁን ያስተማረበት፣ ቤቱንም በቆርቆሮ የከደነበት ነው። ሆኖም መሬት በዛፍ ሲያዝና የሰው ቍጥር ሲጨምር የግጦሽ ቦታ ይጠባል። ግጦሽ ሲጠብ ደግሞ ብዙ ሣር የሚፈልገው ፈረስ ለድኻ ገበሬ ይከብደዋል። እንዲህ ከቀጠለ ፈረስ የባለጸጋ ብቻ ይሆናል፤ ማኅበሩም ድኻውን አባል ያጣል። በዓሉ ለእንግዳ ትርኢት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ የሚያስታርቀውና የሚቀብረው ማኅበር ግን አይኖርም።

ስለዚህ የበዓሉን ባህል እንጠብቅ የሚል ሁሉ አስቀድሞ የወል ግጦሹን ነገር ቢያስብ መልካም ነው። ለእኛም ለተማሪዎች ሥራ አለን፤ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በአንድ ቀበሌ ስንት ቤት ፈረስ እንዳለው፣ ከ10 ዓመት በፊትስ ስንት እንደ ነበረው ሽማግሌዎችን እየጠየቅን ብንጽፍ፣ ክርክሩ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል።