የጃፓኖች ስም ምን ይላል? ፊደሉን እናንብበው



በየቀኑ አቧራ እያለበሱን የሚያልፉት መኪኖች ላይ የምናነበው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሆንዳ የሰው ስም ነው። ሱዙኪም የሰው ስም ነው። ቶዮታም ቢሆን ከመሥራቾቹ የቤተሰብ ስም ከቶዮዳ የመጣ ነው። ታዲያ እነዚህ ስሞች ትርጉም አላቸው ወይ? እኛ ዘንድ ተስፋዬ ማለት ተስፋዬ ነው፣ ማንም ይረዳዋል። ጃፓኖችስ? ተማሪዎች ይህን ደጋግመው ስለሚጠይቁ የማውቀውን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ዓይነት ጽሕፈት

ጃፓኖች በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይጠቀማሉ። ሁለቱ ሂራጋናና ካታካና ይባላሉ። እነዚህ እንደ እኛ ፊደል ድምፅ ብቻ ነው የሚይዙት፤ "ካ"፣ "ኪ"፣ "ኩ" እያሉ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ካንጂ ይባላል። ከ1500 ዓመታት በፊት ገደማ ከቻይና የመጣ ሲሆን እያንዳንዱ ምልክት ከድምፁ ሌላ ትርጉም አለው። አብዛኛው የጃፓን ስም የሚጻፈው በካንጂ ነው።

አንዳንዶቹ ምልክቶች ሥዕል ነው የሚመስሉት። ተራራ ሲጻፍ በአንድ መስመር ላይ የቆሙ ሦስት ጫፎች ይሆናል፤ መሐለኛው ይረዝማል። ወንዝ ወደ ታች የሚፈሱ ሦስት መስመሮች ናቸው። የሩዝ ማሳ አራት መዓዘን ሆኖ ውስጡ በመስቀል ለአራት ይከፈላል፤ ልክ መደብን ከላይ ሆናችሁ እንደምታዩት ማለት ነው። ሁለት ዛፍ ጎን ለጎን ከተጻፈ ትንሽ ጫካ፣ ሦስት ዛፍ ከሆነ ትልቅ ደን ይሆናል። ቀላል ነው አይደል? ሁሉም ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም።

የቤተሰብ ስሞች

ጃፓኖች የቤተሰብ ስማቸውን ያስቀድማሉ፤ የራሳቸው ስም ይከተላል። የቤተሰብ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ካንጂ ይሠራል። የታወቁትን እንመልከት፦

ያማዳ፦ ተራራና የሩዝ ማሳ
ታናካ፦ የሩዝ ማሳና መካከል
ኢሺካዋ፦ ድንጋይና ወንዝ
ታካሃሺ፦ ከፍ ያለና ድልድይ
ኮባያሺ፦ ትንሽና ጫካ
ናካሙራ፦ መካከልና መንደር
ሱዙኪ፦ ቃጭልና ዛፍ
ሆንዳ፦ መነሻና የሩዝ ማሳ
ቶዮዳ፦ የተትረፈረፈና የሩዝ ማሳ

ልብ በሉ፦ ያቺ አራት መዓዘን ማሳ በታናካ፣ በያማዳ፣ በሆንዳና በቶዮዳ ውስጥ አለች። ለምን ሁሉም ነገር ማሳ፣ ወንዝና ተራራ ሆነ? እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተራው ሕዝብ የቤተሰብ ስም በይፋ እንዲጠቀም አይፈቀድለትም ነበር። መንግሥት በ1870 ፈቀደ፣ በ1875 ደግሞ ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው አስገደደ። ብዙ ስም የሰፈሩን መልክ ይዞ ቀረ። ስለዚህ ስሙን ያነበበ ሰው የጥንት አያት በተራራ ሥር ይኑር ወይስ በወንዝ ዳር ሊገምት ይችላል ማለት ነው።

የጎማ ነገር ደግሞ ያስቃል። ብሪጅስቶን የሚባለውን ጎማ የመሠረቱት ሰው ኢሺባሺ ሾጂሮ ይባሉ ነበር። ኢሺ ድንጋይ፣ ባሺ ድልድይ ነው። ስማቸውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው፣ ቅደም ተከተሉን አገላብጠው፣ በ1931 ለኩባንያው አወጡለት። ኢሱዙ ግን የሰው ስም አይደለም፣ የወንዝ ስም ነው፤ በካንጂ ሲጻፍ "ሃምሳ ቃጭል" ይላል።

የልጅ ስም

ለልጅ ስም ሲወጣ ወላጅ የሚመርጠው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም ነው። እዚህ ላይ ነው ከእኛ የሚለየው። እኛ "ፀሐይ" ብለን በፀሐዩ ፀ ጻፍን በጸሎቱ ጸ ትርጉሙ ያው ነው። በጃፓን ግን ዩኪ የምትባል ልጅ ስሟ በአንዱ ካንጂ "በረዶ"፣ በሌላው "ደስታ"፣ በሌላው ደግሞ "ድፍረት" ሊሆን ይችላል። በጆሮ አንድ ነው፣ በወረቀት ግን ሌላ ነው። አኪራ የሚለው የወንድ ስም በአንድ አጻጻፉ ፀሐይና ጨረቃ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱ ሲደመሩ "ብሩህ" ማለት ነው።

በቁጥር የሚወጣ ስምም አለ። ኢቺሮ የመጀመሪያ ልጅ፣ ጂሮ ሁለተኛ፣ ሳቡሮ ሦስተኛ። በድሮ ጊዜ ብዙ የሴት ስም በ"ኮ" ያልቅ ነበር፤ "ኮ" ልጅ ማለት ነው። ዛሬ የሚወለዱ ሴቶች ላይ እንደ ድሮው አይበዛም።

ችግሩ አንዱ ምልክት ብዙ ንባብ አለው። ተራራ ብቻውን "ያማ" ይባላል፣ የፉጂ ተራራ ሲባል ግን "ሳን" ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ጃፓናዊው ራሱ የማያውቀውን ሰው ስም አይቶ "እንዴት ነው የሚነበበው?" ብሎ መጠየቁ ነውር አይደለም። ቅጾች ላይ ከስሙ በላይ ንባቡን የሚጽፉበት ቦታ አለ። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ደግሞ ንባቡ በቤተሰብ መዝገብ ላይ በሕግ እንዲሰፍር ተደርጓል።

ወላጅ የፈለገውን ካንጂ ሁሉ መጠቀምም አይችልም። ለጠቅላላ አገልግሎት የተመደቡ 2136 ምልክቶች አሉ፤ ለስም ብቻ የተፈቀዱ 863 ይጨመሩባቸዋል። በ1993 አንድ አባት ልጁን "ሰይጣን" በሚል ትርጉም ሊያስመዘግብ ሞከረ። ምልክቶቹ ከተፈቀዱት ውስጥ ነበሩ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን ልጁን ይጎዳል ብሎ እንቢ አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ብዙ ካከራከረ በኋላ ወላጆቹ ሌላ ስም አወጡ።

እኛን የሚመለከት ስም

ከ1991 እስከ 2000 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ኦጋታ ሳዳኮ ናቸው፤ በዚያ ሥልጣን ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። በ2019 አርፈዋል። "ሳዳ" ጽኑና ታማኝ፣ "ኮ" ልጅ ማለት ነው። ሲወለዱ የቤተሰብ ስማቸው ናካሙራ ነበር፤ ኦጋታ የሆኑት ሲያገቡ ነው። በጃፓን ሕግ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም የምትለውጠው ሚስት ናት። የእኛ እናቶች ግን አግብተውም የአባታቸውን ስም እንደያዙ ይኖራሉ።

የውጭ አገር ሰው ስም በጃፓን የሚጻፈው በካታካና ነው። በ1964 በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በካታካና "አበበ ቢኪራ" ተብሎ ይጻፋል፤ ጃፓንኛ "ለ"ንና "ረ"ን አይለይም፣ "ቀ"ም የለውም። "አበባ ሰጠ" የሚለው ትርጉሙ እዚያ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የተሻገረው።

እኛም በላቲን ፊደል ስንመዘገብ የሚደርስብን ይኸው ነው። የኔ ስም በራሽን ካርዴ ላይ አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃዬ ላይ ሌላ ዓይነት ነው። የጃፓን ሕግ የንባቡን ነገር በመዝገብ ያሰፈረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ሰው በሁለት ዓይነት ከተነበበ ሁለት ሰው ይሆናል። የአያት ስም ከአባት ስም ቦታ ሲገባም እንዲሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ "ይህ አንተ አይደለህም" ከመባል፣ ከስምንተኛ ክፍል ፈተና በፊት ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ አጻጻፍና በአንድ ቅደም ተከተል መሆኑን አረጋግጡ። የተሳሳተ ካለ ሳይረፍድ አመልክቱ።

ለመምህራን

በጃፓንኛ መምህር "ሰንሰይ" ይባላል፤ ሁለቱ ካንጂ "ቀድሞ" እና "የተወለደ" ማለት ናቸው። በክፍል ውስጥ ይህን ሞክሩ፦ እያንዳንዱ ተማሪ የስሙን ትርጉም፣ ማን እንዳወጣለትና ለምን እንደወጣለት በአምስት መስመር ይጻፍ። የማያውቅ ቤተሰቡን ጠይቆ ይምጣ። በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በዲንካ ስም ያለው ተማሪ ለሌሎቹ ይተርጉምላቸው። ቀጥሎ ሁሉም ስሙን በላቲን ፊደል ይጻፍና ከመታወቂያ ወረቀቱ ጋር ያመሳክር። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

መልካም ትምህርት!