በሳቅ መሞት ይቻላል፣ በሳቅ ማረፍ ግን አይቻልም፦ «ፋዬሴር» የተባለው የስፓኒሽ ግሥ

ጓደኛችሁ አንድ ቀልድ ነገራችሁና ሆዳችሁን ይዛችሁ ሳቃችሁ እንበል። «በሳቅ ሞትኩ!» ትላላችሁ። ግን «በሳቅ አረፍኩ» ወይም «በሳቅ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየሁ» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም አባባሎች ስለ ሞት ናቸው፤ ቦታቸው ግን ለየቅል ነው። ስፓኒሽም እንዲህ ዓይነት ልዩነት አለው። ስፓኒሽ የምትማሩ ከሆነ ይህን አለማወቅ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሊያሳፍራችሁ ይችላል።

ሁለቱ ግሦች

በስፓኒሽ «መሞት» በተራው ቋንቋ «ሞሪር» ነው። «ሞተ» ለማለት «ሙሪዮ» ይባላል። ሰውም፣ ውሻም፣ ዛፍም፣ ተስፋም በዚህ ግሥ ይሞታሉ። «ፋዬሴር» ግን የወግ ቃል ነው። በጋዜጣ፣ በሐዘን መግለጫ፣ በሆስፒታልና በመንግሥት ወረቀት ላይ የምታገኙት እሱን ነው፦ «ፋዬሲዮ» ማለት «አረፈ» ወይም «ሕይወቱ አለፈ» እንደማለት ነው። ሟቹ «ፋዬሲዶ»፣ ሟቿ «ፋዬሲዳ» ይባላሉ። ቃሉ በተለምዶ ለሰው ብቻ ነው የሚውለው።

ስፓኒሽ ተናጋሪ በጣም ሲርበው «ሜ ሙዌሮ ዴ አምብሬ» ይላል፤ «በረሃብ ልሞት ነው» እንደምንለው ማለት ነው። እዚህ ላይ ፋዬሴርን ብትተኩበት ሰው ሁሉ ይስቅባችኋል። የወግ ቃል ለጨዋታ አይመችም።

የአማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትበት ቦታ

አሁን ልብ በሉ። በአማርኛ ስለ አንድ ሽማግሌ «ሞተ» ብትሉ ትልቅ ድፍረት ነው፤ ቢያንስ «ሞቱ»፣ ሲሻል ደግሞ «አረፉ» ማለት አለባችሁ። ስለዚህ ብዙ ተማሪ «ሙሪዮ» ማለት ስድብ እየመሰለው ይፈራል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው! የስፓኒሽ ግሥ ስለ ሦስተኛ ሰው ሲናገር «አንቱታ» የለውም፤ ለሕፃንም ለሽማግሌም «ሙሪዮ» ያው «ሙሪዮ» ነው። ልጅ ስለ ገዛ አያቱ በዚህ ቃል ቢናገር ማንም አይቀየመውም። ፋዬሴር የሚጨምረው ወግንና ለዘብታን ነው። እኛ አክብሮትን በግሡ መጨረሻ ላይ ስናሳይ፣ እነሱ የተለየ ቃል ይመርጣሉ።

ቃሉ ከየት መጣ?

የፋዬሴር ሥር «ፋሌሬ» የተባለ የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጉሙም ማታለል፣ ማሳት ነበር። ከዚያ ትርጉሙ ወደ «መጉደል» እና «ማለቅ» ሄደ። በመካከለኛው ዘመን በተጻፉ የስፓኒሽ ጽሑፎች ውስጥ ፋዬሴር ለሰው ብቻ ሳይሆን ለጎደለና ላለቀ ነገርም ይውል ነበር። «አለቀ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ሞተ» ለማለት የለሰለሰ መሸፈኛ ሆነ። የእኛ «አረፈ» መሸፈኛውን ያገኘው ከዕረፍት ነው፤ የእነሱ ደግሞ ከማለቅ።

የቃሉን ዘመዶችም ታውቋቸዋላችሁ። «ፈተናውን ፌል አደረግሁ» ስትሉ ያ «ፌል» በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ የገባ የፋሌሬ ልጅ ነው። ፈተና ላይ «ትሩ» ወይም «ፎልስ» በሉ ስትባሉም «ፎልስ» ከዚያው ሥር የመጣ ነው።

አንድ ነገር ስለ እርባታው

ፋዬሴር ከ«ኮኖሴር» (ማወቅ) እና ከ«ናሴር» (መወለድ) ጋር በአንድ መንገድ ይረባል። «አውቃለሁ» «ኮኖስኮ» ነው፤ «እወለዳለሁ» «ናስኮ»። በዚሁ ደንብ «ፋዬስኮ» ማለት «አርፋለሁ» ይሆናል። ሰዋስዉ ይፈቅዳል፤ ግን ማን ይናገረዋል? በአብዛኛው የምታገኙት ያለፈውን ጊዜ፣ «ፋዬሲዮ»ን ነው።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

ሞሪር ወይስ ፋዬሴር? ሀ) የጎረቤት ድመት ሞተች። ለ) ለመምህራችሁ ቤተሰብ በአባታቸው ሞት የሐዘን ደብዳቤ ትጽፋላችሁ። ሐ) በሳቅ ሞታችኋል።

መልሱ፦ ሀ እና ሐ ሞሪር፣ ለ ፋዬሴር። ሐ ላይ ፋዬሴር ካላችሁ ግን አትዘኑ፤ ቢያንስ ሌላውን ሰው በሳቅ ትገድሉታላችሁ።