በብሩሽ ጫፍ የገባ ጨረር

እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኦሬንጅ በተባለች ከተማ ሥራ የጀመረው ፋብሪካ ለወጣት ሴቶች የሚያስቀና እንጀራ ይዞ መጣ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሟል፤ ወታደሩ በጨለማ የሚነበብ ሰዓት ይፈልጋል። የሴቶቹ ድርሻ በሰዓቱ ገጽ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ሬዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በተቀላቀለበት፣ በጨለማ በሚያበራ ቀለም መቀባት ነበር። ክፍያው በሠሩት ልክ በመሆኑ እጇ የፈጠነ ሠራተኛ ጥሩ ገንዘብ ታገኛለች። በቀን እስከ 250 ሰዓት የሚቀቡ ነበሩ።

ቁጥሮቹ ደቃቅ ናቸው። ከግመል ጸጉር የተሠራው ብሩሽ ጥቂት እንደቀባ ጫፉ ይንጨባረራል። ስለዚህ ብሩሹን ከንፈር ላይ አድርጎ ጫፉን ማሾል፣ ቀለሙ ውስጥ መንከር፣ መቀባት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ከንፈር። እንዲህ እንዲሠሩ ያስተማሯቸው አሠሪዎቻቸው ናቸው። ይጎዳን ይሆን ብለው የጠየቁም ነበሩ፤ “ምንም አይላችሁም” ተባሉ። በዚያው ፋብሪካ ሬዲየሙን የሚያዘጋጁት ኬሚስቶች ግን በእርሳስ ጋሻ ተከልለው፣ በመቆንጠጫ ይዘው ነበር የሚሠሩት።

ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጸጉራቸውና ልብሳቸው ያበራል። አንዳንዶቹ ለጭፈራ ሲወጡ ጥፍራቸውን፣ ጥርሳቸውን ሳይቀር ይቀቡት ነበር። ግሬስ ፍራየር የተባለችው ሠራተኛ የተናፈጠችበት መሐረብ ጨለማ ውስጥ ሲያበራ ማየቷን ኋላ ላይ ተናግራለች።

የሬዲየም ተንኮሉ ከካልሺየም ጋር መመሳሰሉ ነው። ወደ ሰውነት ሲገባ አጥንት እንደ ምግቡ ተቀብሎ ያኖረዋል። አልፋ የሚባለው ጨረሩ ከውጭ ቢመጣ ቆዳ ያስቀረዋል፤ አጥንት ውስጥ ከተቀመጠ ግን የሚያስቆመው የለም፣ ሌት ተቀን መቅኒውንና አጥንቱን ይመታል። ግማሹ እስኪከስም ደግሞ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ከሠራተኞቹ አንዷ የነበረችው ሞሊ ማጂያ መጀመሪያ ያመማት ጥርሷን ነው። ጥርሱ ተነቀለ፤ ቁስሉ ግን አልሽር አለ። ሌላው ጥርስ ተከተለ፣ በመጨረሻም የመንጋጋዋ አጥንት በሐኪሙ ጣት ተነስቶ ወጣ። በመስከረም 1922፣ በ24 ዓመቷ ሞተች። በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የሰፈረው ምክንያት ቂጥኝ የሚል ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ሲመረመር አጥንቷ ገና ጨረር ይረጭ ነበር። ስሟ የጠራው በዚህ ምርመራ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን እውነቱ ቀደም ብሎ መታወቁ ነው። የሃርቫርዱ ሐኪም ሴሲል ድሪንከር በ1924 ፋብሪካውን አጥንተው የጉዳቱ ምንጭ ሬዲየሙ መሆኑን ለኩባንያው ነገሩት። ኩባንያው ጥናቱን አፍኖ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ፍጹም ጤነኞች እንደሆኑ የሚገልጽ ሐሰተኛ ሪፖርት በእሳቸው ስም ለግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ላከ። የአካባቢው የሕክምና መርማሪ ሃሪሰን ማርትላንድ በ1925 ባሳተሙት ጥናት የሠራተኞቹ ሞት መንስኤ ሬዲየም መሆኑን ይፋ አደረጉ። ቀለሙን የፈለሰፉት ሳቢን ፎን ሶቾኪ ራሳቸው ከሦስት ዓመት በኋላ በዚሁ ጨረር ሳቢያ ሞቱ።

ግሬስ ፍራየር ጉዳዩን የሚይዝላት ጠበቃ ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባት። የሞሊን ሁለት እህቶች ጨምሮ አምስት ሴቶች ኩባንያውን ከሰሱ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ለመሐላ እጃቸውን ማንሳት ያቃታቸው ነበሩ። በሰኔ 1928 ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር፣ በየዓመቱ 600 ዶላርና የሕክምና ወጪ እንዲከፈላቸው ስምምነት ተደረገ። በኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ ከተማ ደግሞ ሌላ ኩባንያ ሠራተኞቹን በሐኪም ካስመረመረ በኋላ ውጤቱን ደብቆ፣ ሥራው እንደማይጎዳ በጋዜጣ አስነገረ። የዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩት ካተሪን ዶናሂው በ1938 ቤታቸው ተኝተው መስክረው ረቱ፤ ዓመቱ ሳያልቅ አረፉ።

ሬዲየም ሲፈራርስ ራዶን የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሮብሊ ኢቫንስ ሴቶቹ ከሚያስወጡት ትንፋሽ ይህን ጋዝ እየለኩ በአጥንታቸው ያለውን ሬዲየም አሰሉ። በ1941 ሰውነት ሊሸከመው የሚፈቀደው ጣሪያ 0.1 ማይክሮግራም ሆኖ ተወሰነ፤ ለአቶሚክ ቦምብ ፕሉቶኒየም የነኩ ሠራተኞች ጥበቃም መነሻው ይኸው ነው። በኋላ 2,383 ሬዲየም የገባባቸው ሰዎች ተለክተው 64ቱ የአጥንት ካንሰር ተገኘባቸው። 64ቱም ከፍተኛ መጠን የገባባቸው ነበሩ።

ራዶን ግን ፋብሪካ አያስፈልገውም። በ1984 በፔንሲልቫኒያ በአንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚሠራ መሐንዲስ በር ላይ ያለውን የጨረር ማንቂያ ደጋግሞ አስጮኸ። ማመንጫው ገና ኃይል ማመንጨት አልጀመረም፤ ሰውየው ጨረሩን ይዞ የሚመጣው ከቤቱ ነበር። ቤቱ ሲለካ የራዶኑ መጠን የአሜሪካ መንግሥት ቤት ይስተካከል ከሚልበት ደረጃ ከ600 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጋዙ ከመሬት ተነስቶ በወለል ስንጥቅ ይገባል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሲጋራ ቀጥሎ ዋናው የሳንባ ካንሰር መንስኤ እሱ ነው።

ብዙ ሰውን የሚያሰጋው ግን በደጁ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በ1979 በዴንቨር የወጣ ጥናት ከሕፃናት ካንሰር ጋር ካያያዘው ወዲህ መስመሩ የሚፈጥረው ማግኔታዊ መስክ ብዙ ተጠንቷል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 የመደበው “ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል” በሚለው ደረጃ ነው። ራዶን ግን የሚገኘው ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ተርታ ነው።

ራዶን ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ናት። ካውንቲው ከ2016 ጀምሮ ቤት ከመሸጡ በፊት ራዶን እንዲለካ በሕግ አስገድዷል። ብዙ አዲስ መጤ ኑሮውን የሚጀምረው ቤዝመንት ተከራይቶ ነው፤ ራዶን ደግሞ የሚበረታው ለመሬት በቀረበው ክፍል ነው። ምርመራው ቀላል ነው። ከሰል የያዘች ትንሽ ዕቃ በርና መስኮት ተዘግቶ ለጥቂት ቀናት ትቀመጥና ታሽጋ ወደ ላቦራቶሪ ትላካለች። ውጤቱ ፒኮኪዩሪ በተባለው የጨረር መለኪያ በሊትር 4 ከደረሰ ከወለሉ ሥር ቱቦ ገብቶ ጋዙ በማራገቢያ ከጣሪያ በላይ እንዲወጣ ይደረጋል። ቤዝመንት የሚከራይ ሰው ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ቤቱ ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ተለክቷል ከተባለም ወረቀቱን በዓይኑ ይይ።